የዳሚት ቁርስ

በሁሴኖ ቤት ቁርስ በተራ ነበር የሚበላው። መጀመሪያ ድመቷ፣ ከዚያ ወፎቹ፣ ሁሴኖ መጨረሻ። ይህን ሥርዓት ያወጣችው ሚስቱ ዘይቱና ነበረች፤ በዚያ ቤት ደግሞ ዘይቱና ያወጣችውን ሥርዓት የሚሽር ገና አልተወለደም።

ሁሴኖ ዕድሜውን የጨረሰው ኮምባይነር ላይ ነው። ከበቆጂ እስከ ሁሩታ ያላጨደው የስንዴ ማሳ አለ ለማለት ይቸግራል። አጨዳ ሲደርስ ከአሰላ የወጣ፣ ወራት ቆይቶ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። በቀረው ጊዜም ገና ጎህ ሲቀድ ጋራዥ ነው። የገዛ ቤቱን ጠዋት ያየው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን እንደ እንግዳ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሻይ እስኪመጣለት እያዛጋ።

ዘይቱና የሱብሂ ሶላቷን ሰግዳ ማድ ቤት ትገባለች። ድመቷን "ዳሚት፣ ዳሚት" እያለች ስታቆላምጣት ይሰማል። ቀለሟ ዳማ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላት። ከሥጋ ቤት የመጣ ሳንባ ትከትፍላታለች፣ ወተት ትቀዳላታለች። ቆየት ብላ በወንፊት የስንዴ ግርድ ይዛ ትወጣና ለወፎቹ ትበትናለች። ዳቦና ሻይ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

"ሴትዮ፣ እኔስ?" ይላል ሁሴኖ።

"ቆይ፣ ተራህ አልደረሰም።"

"በገዛ ቤቴ ድመት ትቅደመኝ?"

"አንተ ቢርብህ ማንንም አትበላም" ትለዋለች እየሳቀች።

ሁሴኖም አብሮ ይስቃል። ሰው በነገሩት ነገር ላይ ለምን እንደሚስቅ ማወቅ አለበት፤ እሱ አላወቀም። ቀልዱን ሰማና ቁም ነገሩ በጆሮው አጠገብ አለፈ።

ከወፎቹ መካከል ዘይቱና ለይታ የምትወዳት አንዲት ዋኔ ነበረች። አንድ እግሯ የለም፤ ምናልባት ወጥመድ ወስዶት ይሆናል፣ ምናልባትም እንዲሁ ተፈልፍላ። ዘይቱና ኦብሴ አለቻት፤ በኦሮምኛ የታገሰች ማለት ነው። ኦብሴ ሌሎቹ ተሻምተው፣ ተናክሰው፣ ጠግበው እስኪሄዱ ትጠብቃለች። ከዚያ እንጣጥ እንጣጥ እያለች የቀረውን ትለቅማለች። ዘይቱና ለእሷ ብላ ከወንፊቱ ጥቂት አስቀርታ ኋላ ላይ ትጨምር ነበር።

ባለፈው ክረምት የዘይቱና ኩላሊት ደከመ። ሆስፒታል ተኛች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሴኖ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዞ ሳለ ዓይኗን ገለጠች።

"ዳሚትን አደራ" አለችው። "ወፎቹንም አደራ።"

"ስለሱ አታስቢ።"

"ግን እኮ ጠዋት ጠዋት..." ብላ ጀመረች። ትንፋሽ አጠራት።

"ተይው፣ አትድከሚ። ሲሻልሽ ትነግሪኛለሽ" አላት።

አልተሻላትም። ሁሴኖ ኋላ ላይ ደጋግሞ የሚያስታውሰው እሷ ልትናገር ስትል ዝም ያሰኛት እሱ መሆኑን ነው። ለእሷ ብሎ ነበር። ለእሷ ብሎ መሆኑ ግን አላጽናናውም።

ሐዘን ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሰው ከዘራው እህል ወፍ እንኳ ቢቀምስ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት፣ ለሞተ ሰውም አስበው ቢሰጡ ምንዳው እንደሚደርሰው ሲያወሩ ሁሴኖ ቀና አለ። ከቀብሩ ወዲህ ቀና ሲል ያ የመጀመሪያው ነበር። አርዶ ድሆችን አብልቷል፣ ቁርአን አስቀርቷል። ይሄኛው ግን የዘይቱና የራሷ ነው።

"የእናትሽ ሰደቃ በእኔ እጅ አይቋረጥም" አላት ነቢላን። ነቢላ አዳማ ያገባች አንድያ ልጃቸው ናት። አቅፋው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እንግዳው ሁሉ ሲበተን ሁሴኖ ሥራውን ጀመረ። ግርድ ለዘይቱና አይመጥንም ብሎ የተለቀመ ስንዴ ከጆንያ ዘገነ። ዘይቱና የምትበትነው ግቢው መሀል ባለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር፤ በዙሪያዋ ከተረገጠ መሬት በቀር ምንም የለም። ሁሴኖ ይሄን አልወደደውም። ወፍ ደግሞ ጥላ አይወድም? ፀሐይ ላይ ማን ይበላል? ስለዚህ እህሉን ከዘይቱና ክፍል መስኮት ሥር፣ ከጥቅጥቁ የኮሽም አጥር ጥግ በተነው። በረንዳው ላይ ሆኖም በቅርብ ያያቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና እሷም የምታይ እየመሰለው ነው።

"ያ ረቢ፣ ምንዳውን ለዘይቱና አድርስልኝ" ብሎ ተቀመጠ። ወፎቹ መጡ። ድንቢጦቹ ተንጫጩ፣ ዋኔዎቹ ጎርደድ ጎርደድ አሉ። ሁሴኖ ዳቦውን እየገመጠ እንባው ሻዩ ውስጥ ጠብ አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግ ነገር የሠራ ሰው ሆኖ ተሰማው።

ዳሚትን በተመለከተ ሁሴኖ አንድ የቆየ ፍርሃት ነበረበት። ልጅ ሆኖ ቁርአን ቤት ሳለ፣ ድመት ዘግታ ስለያዘች ሴትዮ ሰምቷል፤ በዚያ ጦስ እሳት ገባች ተብሏል። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ድመት ላይ በር ዘግቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ ድመቷ አደራ ናት። የማድ ቤቱን በር ቀንም ሌሊትም ብርግድ አድርጎ ተወው። ምግቧን ማታ ከራቱ ይቆርስላታል። ጠዋት ግን፣ አይጥ ባለበት ቤት፣ ለድመት ቁርስ ምን ይባላል? የዘይቱና ማሞላቀቅ ነው እንጂ።

ብዙም ሳይቆይ ኮሽሙ ሥር ላባ አገኘ። ጭልፊት ነው ብሎ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ ሰነበተ። ጭልፊቱ ግን ጢም ነበረው፤ ጅራትም ነበረው። አንድ ጠዋት ዳሚት ከአጥሩ ሥር በሆዷ ተስባ ወጥታ አንዲት ድንቢጥ አንገቷን ይዛ ስትመለስ በዓይኑ በብረቱ አየ።

ሁሴኖ ላባውን ለቅሞ ቀበረው። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገራል? ለሚስቴ ሰደቃ ብዬ ወፎች ጠርቼ አስበላሁ ይበል? ከገበያ ትንሽ ቃጭል ገዝቶ በዳሚት አንገት አሰረ። ዳሚት መጀመሪያ ተነጫነጨች፣ በእግሯ ፈተገችው፣ ከዚያ ቃጭሉ ሳይነቃነቅ መራመድ ተማረች። ቃጭሉ የሚሰማው ወፏ አፏ ከገባች በኋላ ሆነ። በትር ወረወረ፣ ሳተ። ውሃ ረጨ፣ ራሱን አረጠበ። ማባረሩንም ከልቡ አያደርገውም፤ እጁን ባነሳ ቁጥር የሆስፒታሉ አልጋ ትዝ ይለዋል።

ነቢላ ስልክ ትደውላለች።

"አባዬ፣ ወፎቹ ይመጣሉ?"

"ይመጣሉ።"

"ኦብሴስ አለች?"

"አለች፣ አለች። ስንዴ ጠግባ ወፍራለች።"

ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር። ሌሎቹ እየሳሱ ሄዱ፤ ድንቢጦቹ አጥሩን አይተው ይመለሳሉ፣ ዋኔዎቹ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆነው ይታዘባሉ። ኦብሴ ግን ቀረች። የትም ዞሮ መልቀም የሚከብዳት እሷ ናት፤ ከዚያ ግቢ ሌላ አታውቅም። ሁሴኖ ሲያያት ሆዱ ይባባል። መመገቡን ቢያቆም የዘይቱና ሰደቃ ይቋረጣል፣ ኦብሴም ትራባለች። ባያቆም ደግሞ ይሄው ነው።

ከጭላሎ ተራራ የወረደ ጉም ግቢውን ሞልቶ በነበረበት አንድ ጠዋት ኦብሴ ብቻዋን መጣች። ሁሴኖ በረንዳው ላይ በትሩን ይዞ እንደ ዘብ ተቀምጧል። ከኮሽሙ ሥር ዳማ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"ሂጂ!" ብሎ ጮኸ። ለየትኛዋ እንደጮኸ እሱም አላወቀውም።

ባለሁለት እግር ወፍ ብትሆን ተስፈንጥራ በተነሳች። ኦብሴ ለመነሳት አንድ ጊዜ ማነከስ ነበረባት። ያቺ አንድ ጊዜ በቃች።

ዳሚት ሬሳውን ይዛ ኮሽሙ ሥር አልተመለሰችም። በሁሴኖ አጠገብ አልፋ ወደ ቤት ገባች፤ ከሞቷ ወዲህ ተዘግቶ ወደኖረው የዘይቱና ክፍል ሄደች፤ ዋኔዋን ከበሩ ሥር አስቀመጠችና ቀና ብላ አንዴ "ሚያው" አለች። በሩ እንዲከፈትላት የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው።

ሁሴኖ ግን ያየው ድፍረት ብቻ ነው። ደሙ ፈላ። የዘይቱናን ወፍ ገድላ፣ በዘይቱና ደጃፍ! የማዳበሪያ ጆንያ አነሳ፣ ድመቷን በማጅራቷ ይዞ ከተተ፣ አፉን በሲባጎ አሰረ። ዳሚት አልቧጨረችውም። ያሳደጋት ቤት ሰው ክፉ ያደርግብኛል ብላ አላሰበችም።

ሁሩታ ወፍጮ ቤት ያለው ቱሳ የሚባል የድሮ ወዳጅ አለው፤ ኮምባይነር ላይ ረዳቱ የነበረ ነው። አይጥ ዱቄቱን ጨረሰብኝ እያለ ሁልጊዜ ያማርራል። ሁሴኖ ጆንያውን በጭኑ ላይ አድርጎ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ጆንያው ዝም አለ፤ ሙቀቱ ብቻ ጭኑ ላይ ነበር።

"እሰይ!" አለ ቱሳ። "አላህ ነው የላከህ። ስሟ ማነው?"

"ስም የላትም" አለ ሁሴኖ።

ድምፁን ስትሰማ ዳሚት ከጆንያው ውስጥ ጮኸች። ሁሴኖ ሻይ ጠጣ ቢሉት እንቢ አለ፤ ወደ መነኸሪያው እግሬ አውጪኝ አለ።

በማግስቱ እህሉን በተነ። ከዚያ በኋላም በተነ። አጥሩ ሥር ምንም አልነበረም፤ ወፎቹም አልነበሩም። ያየ ወፍ በቀላሉ አይመለስም። ቤቱ ውስጥ አይጦቹ በቀን መሮጥ ጀመሩ። ሁሴኖ ሰላም ይሰማኛል ብሎ የጠበቀው በረንዳ ላይ፣ ጸጥታው ጆሮውን እስኪያመው ተቀመጠ።

ጎረቤቱ እትዬ የሺሃረግ ናቸው፤ በአጥሩ ወዲያ ማዶ ጎመን የሚኮተኩቱ፣ ከዘይቱና ጋር ግማሽ ዕድሜያቸውን በአጥር ላይ ሲያወሩ የኖሩ ባልቴት። ልጃቸው ጋ አዲስ አበባ ሰንብተው ገና መመለሳቸው ነው። አንድ ጠዋት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"አባ ነቢላ፣ እንዴት አደሩ? ምነው ዳሚት አትታይ?"

ሁሴኖ መዋሸት ደከመው። "ሰጠኋት" አለ። "ወፎቹን ፈጀችብኝ፣ እትዬ የሺ። ኦብሴን በላችብኝ።"

"ውይ! እንዴት? ቁርሷን ሳትበላ ለቀቋት እንዴ?"

"የምን ቁርስ?"

እትዬ የሺሃረግ መኮትኮቻውን ጣል አደረጉት። "የዳሚት ቁርስ ነዋ! ዘይቱና እኮ ሆዷን እስክትሞላ ታበላትና የማድ ቤቱን በር ትዘጋባታለች። የጠገበች ድመት ትተኛለች እንጂ ምን ታደርጋለች? ከዚያ ነው ለወፎቹ የምትበትነው። እሱም እዚያ ድንጋይዋ ላይ፤ ድመት የምትደበቅበት እንዳይኖር፣ መልሳ ብትወጣ እንኳ ከሩቅ እንዲያዩዋት። ወፎቹ በልተው ሲሄዱ ጠርጋ ትከፍትላታለች።"

ሁሴኖ ድንጋይዋን አየ። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ጥላ አየ። "መዝጋት ኃጢአት አይደለም?" አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። "ያቺ ሴትዮ... ድመት ዘግታ..."

"እሱንማ ጠይቃለች። ሼሁን ጠይቃ ስቃ ነግራኛለች። ያቺ ሴትዮ የተቀጣችው ሳታበላ፣ ሳታጠጣ ዘግታ ስለገደለቻት ነው፤ አብልተሽ ለጥቂት ጊዜ ብትዘጊ ምን አለበት፣ አሏት።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ!" አሉ እትዬ የሺሃረግ ደንግጠው። "ባሏ አይደሉ? በየቀኑ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ አልነበር?"

አንተ ቢርብህ ማንንም አትበላም። የዘይቱና ድምፅ ከነሳቋ መጣበት። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እያዛጋ፣ በየጠዋቱ ሰምቶታል። አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ ማድ ቤት ድረስ ቢሄድ፣ አንድ ቀን እንኳ "ለምን ትዘጊያለሽ?" ቢል። ሻዩ ለምን እንደዘገየ ብቻ ነበር የሚጠይቃት።

ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። ሚኒባሱ አልሞላ ብሎ ቆመበት፤ ሾፌሩን ማሎ፣ ማሎ እያለ ለመነው። ሁሩታ ሲደርስ ቱሳ ከሩቅ አይቶት ዓይኑን ሰበረ።

"ልደውልልህ ነበር" አለ። "ምን ብዬ እንደምደውል ጠፋኝ።"

"የት አለች?"

"ወፍጮው ሲነሳ በረገገች፣ ሁሴኖ። ድምፁን አልቻለችውም። በሩን ዘግተን ልናለምዳት ነበር፤ በሰው እግር ሥር ሾልካ አስፋልቱ ላይ ወጣች። የጭነት አይሱዙ ነው።" ቱሳ ዱቄት የለበሰ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ልጆቹ ከወፍጮው ጀርባ ቀበሯት። ቃጭሏን አስቀምጬልሃለሁ።"

ወፍጮው ያጓራል፤ ሴቶች በረድፍ ቆመው ጆንያቸውን ይጠብቃሉ።

"ወደየት ስትሄድ ነው?" አለ ሁሴኖ።

"ምን?"

"መኪናው ያገኛት ወደየት ስትሄድ ነው?"

ቱሳ ባይጠየቅ ይመርጥ ነበር። "ወደ ላይ" አለ። "ወደ አሰላ።"

ሁሴኖ ከወፍጮው ጀርባ ሄዶ አፈሩን አየ፤ ገለባ ተነስንሶበታል። ተንበርክኮ ገለባውን በእጁ አነሳው። "ዳሚት" አለ። እዚያች መንደር በስሟ የጠራት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አለቀሰ፤ እንደ ዘይቱና ቀብር ቀን በዝግታ አይደለም፣ ተንሰቅስቆ ነው። ያ ሐዘን የአላህ ነበር፤ ይሄኛው የገዛ እጁ ነው።

ለነቢላ ማታውኑ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። ቁርሱን፣ በሩን፣ ላባውን፣ ጆንያውን። "እማዬም አልተናገረችማ፣ አባዬ" አለችው ነቢላ እያለቀሰች።

"ልትነግረኝ ነበር" አላት።

አሁን ሁሴኖ ከሱብሂ በኋላ በቀጥታ ማድ ቤት ይገባል። ሳንባ ይከትፋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ጣቱን ቆርጦ ነበር፣ አሁን ለምዶታል። በዳሚት ሳህን ያደርጋል፣ ወተት ይቀዳል፣ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ግርዱን በወንፊት ይዞ ድንጋይዋ ላይ ይበትናል፣ ትንሽም ያስቀራል። ወፎቹ ቀስ በቀስ ተመልሰዋል፤ ድንቢጦቹ ቀድመው፣ ዋኔዎቹም ኋላ። ማንም አይነካቸውም። ሰደቃው፣ አላህ ካለ፣ ይደርሳታል። እትዬ የሺሃረግ የእሳቸው ድመት የወለደችውን ግልገል ሊሰጡት ጠይቀውት ነበር፤ "ቆይ" አላቸው።

ወፎቹ ሲሄዱ የማድ ቤቱን በር ይከፍታል። ሳንባው እንዳለ ነው፣ ወተቱ ስልባቦት ይዟል። ሳህኑን አጥቦ ለነገ ይደፋዋል።

ነቢላ በዚያ ሰዓት ነው የምትደውለው።

"አባዬ፣ ቁርስ በላህ?"

ሁሴኖ በረንዳው ላይ፣ ሻይና ዳቦው ፊቱ ተቀምጦ፣ በተከፈተው የማድ ቤት በር በኩል የዳሚትን ሳህን ያያል።

"አልበላሁም" ይላታል። "ተራዬ አልደረሰም።"